በራት ጠረጴዛችን ላይ የተሠራችው ፒክአፕ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሐዘን ላይ ሳላችሁ ባለቤታችሁ የመጫወቻ መኪና የሚመስል ሣጥን ይዞ ቢገባና በራት ጠረጴዛው ላይ ቢዘረግፈው ምን ትሉት ነበር? እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ፤ ስትሰሙ ግን አትፍረዱብኝ። «አንተ የሃምሳ ዓመት ሰው! እኔ አባቴን ቀብሬ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ አንተ መኪና ትጫወታለህ?» ነበር ያልኩት።

ጊዜው ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነበር። አባባን የቀበርነው በመጋቢት ነው። ባለቤቴ አንድም ቃል አልመለሰልኝም። የፕላስቲክ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ሣጥኑ መለሰና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ስለ ሣጥኑ ያነሣ የለም።

እውነቱን ለመናገር ቁጣዬ በሣጥኑ አልነበረም። ባለቤቴ ፓስተር ነው። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ማጽናናት ያውቅበታል። በአባባ ቀብር ላይም ብዙዎችን ያጽናና ቃል ተናግሯል። ቤታችን ከገባን በኋላ ግን ስለ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም ብዬ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ዝምታው እኛ ቤት ቀረ። ስለ ልጆች ትምህርት ቤት እናወራለን፣ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን፣ ስለ እሑዱ ፕሮግራም እናወራለን፤ ስለ አባባ ግን አናወራም። እኔ በልቤ «ለሰው ሁሉ ቃል አለው፣ ለእኔ ግን የለውም» እያልኩ እቆጥርበት ነበር። በትዳር ውስጥ ያላችሁ ሁሉ ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ክዳኑ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

በጥቅምት ወር ቤት ሳጸዳ ሣጥኑን አወረድኩት። በላዩ ላይ ያለውን ሥዕል በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ነጭ ቶዮታ ሀይሉክስ፣ ደብል ጋቢና ነበር። አባባ በሐዋሳ የአንድ የልማት ድርጅት ሾፌር ሳሉ ለብዙ ዓመታት የነዱት መኪና ልክ ይህ ነው። በዲላና በሀገረ ማርያም በኩል ወደ ያቤሎ እየወረዱ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቀይ አፈር ለብሰው ይመለሱ ነበር። እኛ ልጆቹ መኪናውን ከሩቅ በድምፁ እንለየው ነበር።

ክዳኑን ስከፍት ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የባለቤቴ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቀለሙ ንጹሕ ነጭ ነው ወይስ ወደ ክሬም የሚያደላ? ፖርቶ መጋላ ነበረው? ጄሪካኑ ስንት ነው? ወንበሩ ምን ለብሶ ነበር? የተሰረጎደው በር የትኛው ነው? ሁሉንም እሷን መጠየቅ፤ ስትረጋጋ።»

«ስትረጋጋ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ሲያትል የሚኖረውን ወንድሙን ይህን መኪና ለይቶ እንዲፈልግለት የለመነው አባባ ባረፉ በማግሥቱ ሳምንት ነው። ለካስ ሊጠይቀኝ ፈልጎ በየት በኩል እንደሚጀምር ጠፍቶት ነበር። እኔ ደግሞ ሊጀምር ሲል በሩን ዘግቼበታለሁ።

በዚያ ምሽት ልጆቹ ከራት ከተነሡ በኋላ ሣጥኑን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ጄሪካኑ ሁለት ነበር» አልኩት። «አንዱ የውሃ፣ አንዱ የናፍጣ።» እሱም እስክሪብቶውን አውጥቶ ጻፈ።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ እንደ እኔ አይታችሁት ላታውቁ ስለምትችሉ ትንሽ ላብራራ። ይህ ተሠርቶ ያለቀ መጫወቻ አይደለም። የእውነተኛ መኪና ልክ ተመጥኖ ያነሰበት፣ በክፍልፋይ የሚሸጥና ገዢው ራሱ ገጣጥሞ ቀለም የሚቀባው ሞዴል ነው። የእኛው መጠኑ 1 ለ 24 ነው። ይህም ማለት በእውነተኛው መኪና ላይ 24 ሳንቲሜትር የሆነው ነገር በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 የሆነ ሰው በዚህ ልክ 7 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። መኪናው በሙሉ ከአንድ ማስመሪያ ርዝመት ያንሳል፤ 20 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

በአሜሪካ የመኪና ሞዴል የሚሠሩ ድርጅቶች በብዛት 1 ለ 25ን ይጠቀማሉ። ይህ ልክ የመጣው የመኪና ሻጮች አዲሱን ሞዴል ለማስተዋወቅ ይሰጧቸው ከነበሩት ትንንሽ መኪኖች ነው። ጃፓኖች ደግሞ 1 ለ 24ን መርጠዋል። ታሚያ፣ አኦሺማ፣ ፉጂሚና ሃሴጋዋ የተባሉት የታወቁ የጃፓን ሞዴል ሠሪዎች ሁሉም በአንድ አካባቢ፣ በሺዙኦካ ይገኛሉ። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተነሣው እንጨት በመሰንጠቅና በመሸጥ ነው፤ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ያወጣው በ1960 ነው። ሀይሉክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 ተሠርቶ ወጣ። የአባባ መኪና ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ከተመረተው ከአምስተኛው ትውልድ ሲሆን፣ በሣጥናችን ውስጥ ያለውም የ1994 ሞዴል ነበር።

ሣጥኑን ስትከፍቱት መኪና አታዩም። የምታዩት በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ቅጠል የተንጠለጠሉ ብዙ ቁርጥራጮች ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። የጎማው ላስቲክ ለብቻ፣ የመስታወቱ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ለብቻ፣ በውሃ ሲነከር ከወረቀቱ ተንሸራቶ የሚለጠፈው ጽሑፍ ለብቻ ታሽጓል። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ሁሉን ይናገራል።

ሥራው የሚጀምረው ከሥር ነው። መጀመሪያ ሻሲው፣ ቀጥሎ የኋላው ባሌስትራ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ማርሚታው፤ ከዚያ ቸርኬና ጎማ፤ በኋላ ወንበሩ፣ ክሩስኮቱና መሪው፤ በመጨረሻ አካሉ ከላይ ይገባል። ባለቤቴ ገና ባሌስትራውን ሲይዝ እኔ አባባ ያቤሎ መንገድ ላይ ባሌስትራ ተሰብሮባቸው በገመድና በእንጨት አስረው እንደተመለሱ ነገርኩት። ይህን ታሪክ በ20 ዓመት ትዳራችን ነግሬው አላውቅም ነበር።

ከሣጥኑ የወጣው የማንም ነው፤ የአባባ ለመሆን ግን

ሞዴሉን እንደ መመሪያው ብትሠሩት ጥሩ መኪና ይወጣችኋል። ነገር ግን የማንም መኪና ነው። በዓለም ዙሪያ ያንኑ ሣጥን የገዛ ሰው ሁሉ ያንኑ ይሠራል። የእገሌ መኪና የሚሆነው ሠሪው ከመመሪያው ወጥቶ ሲጨምርበት፣ ሲቆርጥለትና ሲለውጠው ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ያን መኪና ማወቅ ያስፈልጋል። ባለቤቴ አያውቀውም፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ በየምሽቱ ይጠይቀኛል፤ እኔም እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ችግር መሪው ነበር። ጃፓኖች በመንገዱ ግራ ስለሚነዱ የሣጥኑ መኪና መሪው በቀኝ ነው። አባባ በግራ ነው የሚነዱት። ባለቤቴ ክሩስኮቱን በቀጭን መጋዝ ለሦስት ቆርጦ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረው። የተገናኘበትን በስቱኮ ደፍኖ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ፔዳሎቹንም አንሥቶ ወደ ግራ ወሰዳቸው። ይህ ብቻ ሦስት ምሽት ፈጀ።

ፖርቶ መጋላው በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም። ባለቤቴ የተረፈውን የፕላስቲክ ዘንግ ከሻማ ነበልባል በላይ ከፍ አድርጎ እያዞረ ያሞቀዋል፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አርቆ ሁለቱን ጫፍ በቀስታ ይስበዋል፤ ዘንጉም እንደ ሽቦ ይቀጥናል። ነበልባሉ ከነካው ይቃጠላል፤ ቶሎ ከሳቡት ይበጠሳል። ከዚያ እየለካ ቆርጦ በማጣበቂያ አያያዘው። ሁለቱን ጄሪካኖች ከተደራረበ ፕላስቲክ ቀርጾ አወጣቸው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን በዚህ ልክ 2 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሴት ልጃችን ሰሌዳውን በኮምፒውተር አሳንሳ አተመችው። እኔ ደግሞ የወንበሩን ልብስ ከአሮጌ ስስ ጨርቅ ቆርጬ ሰፋሁ። የአባባ ወንበር ልብስ ሰማያዊ መስመር ነበረው። እናቴ ነበሩ የሰፉት።

ስህተት የሚስተካከለው በትዕግሥት ነው

ሁሉም ነገር በሰላም ሄደ ብዬ አላታልላችሁም። ባለቤቴ ለመኪና አካል የሚሆን ነጭ እስፕሬይ ገዝቶ መጣና በባዶው ፕላስቲክ ላይ ከቅርብ ርቀት አወፍሮ ረጨው። በማግሥቱ የጋቢናው ጣሪያ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘነው። ምክንያቱን በኋላ ተረዳን። የዚህ ዓይነቱ ቀለም ለብረት የተዘጋጀ ስለሆነ በውስጡ ያለው ቲነር ኃይለኛ ነው፤ የሞዴሉን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። በወፍራሙ ሲረጭ ቲነሩ ሳይተን ይቆይና ከሥር ያለውን ይበላዋል።

ባለቤቴ ያን ምሽት «በቃ፣ አበላሸሁት» ብሎ ሣጥኑን ሊዘጋ ነበር። በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ አላየሁትም። «አባባ ባሌስትራ በገመድ አስረው ከያቤሎ መጥተዋል፤ አንተ በጣሪያ ትቆማለህ?» አልኩት። ሳቀ። እንደዚያ አብረን ከሳቅን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

ለአንድ ሳምንት አደረቅነው። ከዚያ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካን፣ በኋላም በ1000 ቁጥር ፈተግነው። ግራጫውን መነሻ ቀለም ከ25 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት እንደ ጉም በስሱ ረጭቶ አስቀመጠው፤ ሲደርቅ እንደገና በስሱ ደገመው። ስስ ሆኖ ሲረጭ ቲነሩ ፕላስቲኩን ሳይነካ ይተናል። ነጩም እንዲሁ አራት ጊዜ በስሱ ተረጨ። የአባባ መኪና ነጭነቱ በፀሐይ ብዛት ወደ ክሬም ያደላ ስለነበር፣ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ክሬም ቀለም አቅጥነን በጣሪያውና በኮፈኑ ላይ ደረብንበት።

ሌላም ትምህርት አገኘን። መስታወቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፤ ጭሱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። ለመስታወት የሚሻለው የእንጨት ነጩ ኮላ ነው፤ ሲደርቅ አይታይም፣ ቢፈስም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የሞዴል ማጣበቂያው ግን ሥራው ሌላ ነው፤ ሁለቱን ጫፎች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ከበዛ ክፍሉን ራሱን ያሟሟዋል።

የመጨረሻው ሥራ አቧራ ነበር። አዲስ የሚመስል መኪና የአባባ መኪና አይደለም። ጥቁር ቡናማ ቀለም በጣም አቅጥነን በበሩና በኮፈኑ ስንጥቆች አስገባን፤ ቀለሙ ራሱ እየሮጠ መስመሩን ይሞላል፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግን። ከዚያ ቀይ አፈር አድርቀን፣ ወቅጠን፣ በስስ ጨርቅ ነፍተን በለስላሳ ብሩሽ በጎማዎቹና በበሮቹ ሥር ነሰነስነው። እንዳይረግፍም የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ከሩቅ በስሱ ረጨንበት።

የተሰረጎደው በር

ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፦ የተሰረጎደው በር የትኛው ነው? በአባባ መኪና የኋላ በር ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ስርጉድ ነበር። አባባ «ገበያ ውስጥ ጋሪ ገጨኝ» ይሉን ነበር። እኔ በቀኝ በኩል ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ። ባለቤቴ ከቀለሙ በፊት በቀኙ የኋላ በር ላይ ትንሽ ስርጉድ በክብ ሞረድ ቀስ ብሎ ቀርጾ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ አዘጋጅቶ ነበር።

ለገና ወደ ሐዋሳ ወረድን። ሞዴሉን በጥጥ ጠቅልለን በካርቶን ይዘን ለእናቴ ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው በሁለት እጃቸው አነሡት። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው አቧራውን መጥረግ ነው። ባለቤቴ «እማማ፣ ተዉት! ሆን ብለን ነው ያቦነንነው» ሲላቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው ግን ብዙ አልሳቁም። መኪናውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ሲያዩ ቆይተው፣ «ሁሉም ልክ ነው። የበሩ ግን በዚህ በኩል አይደለም፤ በግራ ነው» አሉ።

«ጋሪው የገጨው በቀኝ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

«ጋሪ የለም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የነገሩንን እኔም ወንድሞቼም ሰምተነው አናውቅም። በ1987 ዓ.ም. መኪናው አዲስ በነበረ ጊዜ አባባ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴን በግቢያችን ውስጥ መንዳት ያስተምሯቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ወደ ኋላ ሲያወጡ የግራውን በር ከአጥሩ በር ምሰሶ ጋር አጋጩት። መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ለባለቤት መስጠት አይፈቀድም። አባባ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብተው «ወደ ኋላ ስወጣ እኔ ነኝ ያጋጨሁት» አሉ። ሦስት ወር ከደሞዛቸው ተቆረጠ። እኛ ልጆቹ የዚያን ዓመት ለፋሲካ አዲስ ልብስ እንዳልተገዛልን እናስታውሳለን፤ ለምን እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር።

«አባትሽ፣ ‹ልጆቹ እናታቸው አጠፋች እንዳይሉ ጋሪ ነው በያቸው› አለኝ» አሉ እናቴ። «እኔ ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካሁም። እሱ ግን በየዓመቱ ‹እንሞክር?› ይለኝ ነበር። ‹አይ› እለው ነበር። አሁን ሳስበው አንድ ቀን እሺ ብለው ምን ነበረበት?»

እናቴ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አባባ ካረፉ ጀምሮ እናትና ልጅ ተቃቅፈን ያለቀስነው ያን ቀን ነው። ባለቤቴ ለማጽናናት ቃል አልፈለገም። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አውጥቶ ከ«የትኛው ነው?» ቀጥሎ «ግራ» ብሎ ጻፈና፣ «እማማ፣ ምሰሶው የገጨው ከበሩ እጀታ በላይ ነው ከበታች?» ብሎ ጠየቃቸው። እናቴ ዕንባቸውን ጠርገው አሳዩት። ስለዚያ መኪና እስከ እኩለ ሌሊት ተወራ።

እኛስ ምን እንማር?

እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስለ ማጽናናት ተምሬአለሁ፤ ከባለቤቴም ጋር ባልና ሚስቶችን አስተምሬአለሁ። «ተነጋገሩ» እንላለን። ነገር ግን ሐዘንተኛን ፊት ለፊት ተቀምጦ «ምን ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ይከብዳል። «ጄሪካኑ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል። ለመመለስም አይከብድም። ዓይን በሥራው ላይ ሆኖ አፍ ይፈታል። ባለቤቴ እንደማይጠይቀኝ ቆጥሬበት ነበር፤ እሱ ግን አምስት ጥያቄ ጽፎ ነበር። እናቴንም ስለዚያ በር 28 ዓመት ሙሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ስል ሞዴል መሥራት ሐዘንን ይፈውሳል እያልኩ አይደለም። አሁንም ነጭ ሀይሉክስ በመንገድ ሲያልፍ ልቤ ይደነግጣል። ደግሞም ይህ ሥራ ሰው የሚደበቅበት ዋሻ ሊሆን ይችላል። ባል ወይም ሚስት በየምሽቱ ጓዳ ገብተው ብቻቸውን የሚሠሩት ከሆነ፣ ወይም የቤት ወጪ ሳይሟላ በሣጥን ላይ ሣጥን የሚገዛ ከሆነ ጉዳቱ ይበልጣል። እኛ አንድ ነው የሠራነው፤ አብረን ነው የሠራነው።

እናንተም ልትሞክሩት ብትፈልጉ ከስህተታችን የተማርነውን ላካፍላችሁ፦

1. ከመጀመራችሁ በፊት የምትሠሩት የማንን መኪና እንደሆነ ወስኑ። ፎቶግራፍ ካለ ፈልጉ። የሚያስታውሱትን ሁሉ ጠይቁ፤ አንድ ሰው የሚያስታውሰው ልክ ላይሆን ይችላል።

2. ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይይዝም።

3. ክፍሉን ከዘንጉ በእጅ አትገንጥሉ። መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ በመቁረጫ ቁረጡ፣ ቀጥሎ ቀሪውን ጠጋ ብላችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ በጥፍር ሞረድ አለስልሱ።

4. ማንኛውንም ቀለምና ማጣበቂያ አስቀድማችሁ በትራፊው ዘንግ ላይ ሞክሩ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ጣሪያው አይሰነጠቅም ነበር።

5. ቀለም የምትረጩት ደጅ፣ ነፋስና ዝናብ በሌለበት ቀን ይሁን። ማጣበቂያም ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃናት በአቅራቢያው አይሁኑ። ስለቱንም ከሕፃናት አርቁ።

6. ሲበላሽ በዚያው ምሽት ለማስተካከል አትቸኩሉ። ቀለም ሳይደርቅ ከነካችሁት ጥፋቱ ይብሳል። በትዳርም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ከሐዋሳ ስንመለስ ባለቤቴ የቀኙን ስርጉድ በስቱኮ ደፍኖ አለሰለሰው። በግራው በር ላይ፣ ከእጀታው በታች እናቴ ባሳዩት ቦታ አዲስ ስርጉድ ቀረጸ። ሁለቱንም በሮች እንደገና ነጭ ቀባቸው። በቀኙ በር ላይ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ጋር ፈጽሞ አልተመሳሰለም፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያስተውለዋል። ባለቤቴ እንደገና ልሥራው ሲል ተው አልኩት።

ፒክአፗ ዛሬ በእናቴ ቤት ቡፌው ላይ፣ ከአባባ ፎቶግራፍ አጠገብ ትገኛለች። እናቴ አቧራዋን እንዳይጠርጉ ብዙ ጊዜ ነግረናቸዋል። ባለፈው ስንሄድ ግን የመሪው በኩል ያለው መስታወት ተወልውሎ አገኘነው። ምክንያታቸውን ጠየቅኳቸው።

«ወንበሩ እንዲታየኝ ነው» አሉኝ።